ለከተማ የእንስሳት ማቆያ አስተዳደሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለከተማ የእንስሳት ማቆያ ሥፍራዎች አስተዳደሮች፣ ለእንስሳት ተንከባካቢዎች እና ለጎብኚዎች ሁሉ

ጉዳዩ፦ የሞቱና የተዛወሩ እንስሳትን፣ የተዘጉና የፈረሱ ማሳያዎችን ታሪክ ለሕዝብ ስለማሳወቅ እና የጎብኚዎችን ትዝታ በመዝገብ ስለማኖር

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከልጅነቴ ጀምሮ የእንስሳት ማቆያዎችን ስጎበኝ የኖርኩ፣ ዛሬም የምጎበኝ ሰው እንደመሆኔ ነው። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። አንድ እንስሳ ሲሞት ወይም ወደ ሌላ ሥፍራ ሲዛወር፣ አንድ ማሳያ ሲዘጋ ወይም ሲፈርስ፣ ምን እንደተደረገና ለምን እንደተደረገ እዚያው ቦታው ላይ ለሕዝብ ይነገር፤ ጎብኚዎች ስለዚያ እንስሳና ስለዚያ ማሳያ የሚያስታውሱትም ተሰብስቦ ከእናንተ መዝገብ ጎን ይቀመጥ። (በደብዳቤው ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በየትኛውም ማቆያ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ቆሞ ያደመጠ ሰው ጎብኚዎች ከሚያዩት እንስሳ ይልቅ ስለማያዩት እንስሳ ብዙ ሲነጋገሩ ይሰማል። አያት ለልጅ ልጃቸው አሁን ሣር የበቀለበትን ሜዳ እያሳዩ «እዚህ ጋ ዝሆን ነበረች፤ እጄን ስዘረጋላት በኩምቢዋ ትዳስሰኝ ነበር» ይሏታል። ከጎናቸው የቆመ ሌላ ሰው ዝሆኗ የነበረችው እዚያ ማዶ ነው ብሎ ያርማቸዋል፤ ሦስተኛው ሞታለች ይላል፤ አራተኛው ተሽጣለች ይላል። ክርክሩ በጨዋነት ይጀመራል፣ በጨዋነትም ይበተናል፤ ማንም ግን እውነቱን ይዞ አይሄድም፤ ምክንያቱም እውነቱን የያዘው አካል በዚያ ቦታ ላይ አንዳች ነገር አልጻፈም።

ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው አንድ ማቆያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት እየተመላለስኩ አየው የነበረ አንድ ድብ ነበር። አንድ ቀን ስሄድ ድቡ የለም። ስሙና ዝርያው ተጽፎበት የነበረው ሰሌዳም ተነስቷል፤ ግድግዳው ላይ የቀሩት አራት የብሎን ቀዳዳዎችና ሰሌዳው ከፀሐይ ጋርዶት ስለኖረ ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ቦታ ብቻ ነበሩ። በአጥሩ ውስጥ ድቡ ሲመላለስበት የኖረው መንገድ እንደተረገጠ፣ ሣር ሳይበቅልበት ይታያል። አንዱን ሠራተኛ ብጠይቀው «ተዛውሯል» አለኝ፤ ወዴት ብዬ ብጠይቀው አያውቅም። ሠራተኛውን አልወቅሰውም፤ ለእርሱም የነገረው የለም። ከእኔ በኋላ የመጡ ቤተሰቦች ግን ባዶውን አጥር አይተው፣ ልጆቻቸው «ድቡ ተኝቶ ነው?» ሲሏቸው «አዎ፣ ተኝቷል» እያሉ ሲያልፉ ሰምቻለሁ።

የሚያሳዝነው መረጃው የሌለ ቢሆን አልነበረም፤ የሚያሳዝነው መረጃው መኖሩ ነው። በአግባቡ የሚተዳደር ማቆያ ለያንዳንዱ እንስሳ ፋይል አለው። መቼና የት እንደተወለደ፣ እናቱና አባቱ እነማን እንደሆኑ፣ ምን ያህል እንደሚመዝን፣ ምን በልቶ ምን እንደተወ፣ መቼ እንደታመመና ምን መድኃኒት እንደተሰጠው፣ ከማን ጋር እንደተጣላ ሳይቀር ተንከባካቢዎች በየዕለቱ ይጽፋሉ። በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሺህ በላይ ተቋማት ይህን መረጃ የሚለዋወጡበት ዚምስ የተባለ የጋራ የመረጃ ቋት አለ። አደጋ ላይ ለወደቁ ዝርያዎች ደግሞ የዘር መዝገብ ይያዛል፤ የአውሮፓ ጎሽ የዘር መዝገብ የታተመው ገና በ1932 ነው። ስለዚህ ስለ ድቡ የሚነገር ነገር አልጠፋም፤ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። ለዓመታት ሲያየው የኖረው ሕዝብ ግን ከአንድ ቃል በላይ አልደረሰውም።

መዝገብና የሕዝብ ትዝታ ተለያይተው ሲቀሩ ምን እንደሚፈጠር ለማየት ከታይላሲን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጀርባው ላይ ጥቋቁር መስመሮች ያሉት፣ ግልገሉን በከረጢቱ ይዞ የሚያሳድገው ይህ እንስሳ የአውስትራሊያ ደሴት በሆነችው በታዝማኒያ ይኖር ነበር፤ በዓለም ላይ የመጨረሻው እንደሆነ የሚታወቀው የኖረው በዚያው በሆባርት ከተማ በነበረው የቦማሪስ ማቆያ ውስጥ ሲሆን፣ የሞተውም በሴፕቴምበር 7 ቀን 1936 ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርታት ሕዝቡ ይህን እንስሳ «ቤንጃሚን» እያለ ጠራው። ስሙ የመጣው በ1968 የቀድሞ ተንከባካቢ ነበርኩ ካለ አንድ ሰው ንግግር እንጂ ከመዝገብ አይደለም። አስከሬኑም ተጥሏል ተብሎ ይታመን ነበር። በ2022 ተመራማሪዎች ባሳወቁት መሠረት ግን የመጨረሻዋ እንስሳ ያረጀች ሴት ነበረች፤ በዚያን ጊዜ በወጥመድ መያዝ የተከለከለ ስለነበር ለማቆያው ስትሸጥ ነገሩ በይፋ አልተመዘገበም፤ ቆዳዋና አጽሟም በትክክል ሳይመዘገብ በዚያው ከተማ ባለው ሙዚየም ቁምሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ቆዳዋ ለተማሪዎች ማስተማሪያ እየተባለ ከቦታ ቦታ ሲወሰድ፣ የያዙት ሰዎች የያዙት ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። አንድ ዝርያ ከምድር ሲጠፋ የመጨረሻዋን እንስሳ በዓይናቸው ያዩ የከተማው ነዋሪዎች ብዙ ነበሩ፤ በጊዜው ቀርቦ የጠየቃቸው፣ የተናገሩትንም ከመዝገብ ጋር ያስተያየ ቢኖር ኖሮ ሐሰተኛ ስምና ሐሰተኛ ጾታ ለአሥርታት ባልተደገሙ ነበር።

ትዝታ ብቻውን ይበቃል ማለቴ አይደለም። ጎብኚ የሚያየው የቀኑን ነው፤ ተንከባካቢ ሌሊቱንም ያውቃል። በለንደኑ ማቆያ የኖረው ዝነኛ ዝሆን ጃምቦ ሕፃናትን በጀርባው ጭኖ ሲያዞር ቀኑን ያሳልፍ ስለነበር የከተማው ሕዝብ የሚያስታውሰው ትዕግሥቱን ነበር። ሌሊት በቤቱ ውስጥ ግን በቁጣ ግድግዳውን እየመታ ጥርሶቹን እስከመስበር ይደርስ ነበር፤ አስተዳደሩም አንድ ቀን አደጋ ያደርሳል ብሎ ፈራ። በ1882 ለአሜሪካዊው የሰርከስ ባለቤት ለባርነም ሲሸጥ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ሕፃናት ጃምቦ እንዳይሄድ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ካናዳ ውስጥ ባቡር ገጭቶ ገደለው። ሕፃናቱ ያስታወሱት ጃምቦና ተንከባካቢዎቹ የሚያውቁት ጃምቦ አንድ ዝሆን ናቸው፤ ሙሉ ታሪኩ የሚገኘውም ሁለቱ አብረው ሲነገሩ ብቻ ነው።

በዚያው ማቆያ ከ1947 እስከ 1978 የኖረው ጎሪላ ጋይም እንዲሁ ነው። ያዩት ሰዎች ስለ ጋይ ሲናገሩ ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር አለ፤ ወደ ቤቱ የገቡ ድንቢጦችን በዚያ ግዙፍ እጁ ቀስ አድርጎ ይይዝና ትኩር ብሎ አይቶ ይለቃቸው ነበር። ይህ ትዝታ ባይነገር ኖሮ ከየትኛውም የክብደትና የምግብ መዝገብ ውስጥ አናገኘውም ነበር። ከዚህ ጎን ደግሞ ጋይ የሞተው ጥርሱ ታሞ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ልቡ ቆሞ እንደሆነ፣ ጥርሱንም የጎዳው ጎብኚዎች ይሰጡት የነበረው ጣፋጭ ነገር እንደሆነ ይነገራል። ጣፋጩን የሰጡት የሚወዱት ሰዎች ናቸው። እኔ በበኩሌ ሁለቱም በአንድ ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም ዛሬ በአጥር ላይ ዘንበል ብሎ ለዝንጀሮ ብስኩት የሚወረውር ሰው «ምግብ መስጠት ክልክል ነው» ከሚል ትእዛዝ ይልቅ የጋይ ታሪክ እጁን ይይዘዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ማሳያዎችም ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ የጎብኚው ትዝታና የእንስሳው ጥቅም ብዙ ጊዜ ይጋጫሉ። በ1934 በለንደኑ ማቆያ የተሠራው፣ አርክቴክቱ ሉቤትኪን የነደፈው የፔንግዊኖች ገንዳ እርስ በርሳቸው የሚጠማዘዙ ሁለት ቀጫጭን የኮንክሪት መንገዶች አሉት፤ ፔንግዊኖች በእነዚያ መንገዶች ላይ ተሰልፈው ሲወርዱ ያየ ልጅ እስከ እርጅናው አይረሳውም። ኮንክሪቱ ግን የፔንግዊኖቹን እግር ይጎዳ ነበር፤ በ2004 ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ገንዳው በቅርስነት በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ዛሬም ባዶውን ቆሟል። «ፔንግዊኖቹን ለምን አትመልሷቸውም?» ብሎ የሚጠይቅ ጎብኚ ክፉ ሰው አይደለም፤ የእግራቸውን ነገር ያልሰማ ሰው ነው። ቆሞ የቀረው ግንብ ራሱ፣ ለዓይን ያማረ ሁሉ ለነዋሪው እንዳልተመቸ ለማስረዳት ከየትኛውም ትምህርት የተሻለ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ሰሌዳው በግልጽ እስከጻፈው ድረስ።

ከ1926 እስከ 1972 ድረስ በዚያው ማቆያ ቺምፓንዚዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ለሕዝብ ይታዩ ነበር። ያዩት ብዙዎች ዛሬም በደስታ ያነሱታል። ከእናታቸውና ከመንጋቸው ተለይተው በሰው እጅ የሚያድጉ ቺምፓንዚዎች በኋላ ከራሳቸው ዝርያ ጋር ለመኖር እንደሚቸገሩ ግን የእንስሳቱ ባለሙያዎች ያውቃሉ። ደስታውን ያስታወሰ ሰው ሊያፍር አይገባም፤ የሳቀው ሕፃን ሆኖ ነው። ነገር ግን ትዝታውን ሲያወጋ ለልጁ ሌላውንም ግማሽ መንገር እንዲችል የሚያውቀው አካል ሊነግረው ይገባል። በ1907 ካርል ሃገንቤክ በሃምቡርግ አቅራቢያ የብረት ፍርግርጉን አስቀርቶ እንስሳቱን ከሕዝቡ በጥልቅ ቦይ ብቻ የለየበትን ማቆያ ሲከፍት የማሳያ አሠራር እንደተለወጠ ይታወቃል፤ ብዙ ከተሞችም ተከትለውታል። ፍርግርጉ ሲነሳ ግን ፍርግርጉ የነበረበትን ዘመን የሚያሳይ አንዲት ጥግ እንኳ ሳይተዉ ጠራርገው ያፈረሱት ይበዛሉ። አንዱን አሮጌ የብረት ቤት ባዶውን አቆይታችሁ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ልጆች ገብተው ስፋቱን በእርምጃቸው እንዲለኩት ብታደርጉ፣ አንበሳ በዚያ ውስጥ ስንት ዓመት እንደኖረ ብቻ ብትጽፉበት፣ ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ ዝም የሚባልበት ጉዳይ ግን የሚታየው ጭንቀት ነው። ድብ በአንድ መስመር ላይ ሲመላለስ፣ ዝሆን አንገቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳያቋርጥ ሲያወዛውዝ ጎብኚዎች «እየጨፈረ ነው» ይላሉ። ተንከባካቢዎቻችሁ ይህ ጭፈራ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ጥበት፣ ብቸኝነት ወይም ሥራ ማጣት ያመጣው ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ነው፤ አንዳንዴም ሁኔታው ከተስተካከለ በኋላ ከልማድ የሚቀር ነው። በ2008 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት በአውሮፓ ማቆያዎች የተወለዱ ሴት የአፍሪካ ዝሆኖች መካከለኛ ዕድሜ 16.9 ዓመት፣ በኬንያ አምቦሴሊ በተፈጥሮ ምክንያት የሚሞቱት ደግሞ 56 ዓመት እንደሆነ አሳይቷል። በጥናቱ ላይ ክርክር ተነስቷል፤ የአያያዝ ዘዴውም ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ይሁን እንጂ ለንደን በ2001 ዝሆኖቹን ከከተማው አውጥቶ ሰፊ ቦታ ወዳለው ወደ ዊፕስኔድ አዛውሯል፤ የአሜሪካው ዲትሮይት ማቆያም ሁለት ዝሆኖቹን ዊንኪንና ዋንዳን በ2005 ካሊፎርኒያ ወዳለ ሰፊ መጠለያ ልኳል፤ የዲትሮይቱ ማቆያ ምክንያቱን ለሕዝብ ሲናገርም ቅዝቃዜውና ጥበቱ ለዝሆኖቹ እንደማይበጅ በግልጽ ገልጿል። ዝሆን ማጣት ለጎብኚ ከባድ ነው። ምክንያቱን የሰማ ጎብኚ ግን ስለ ዝሆን ያለው እውቀት ዝሆኑን ሲያይ ከነበረው ይበልጣል።

አስተዳደሮች ዝም የሚሉት የሕዝብን ቁጣ ፈርተው እንደሆነ እረዳለሁ። በፌብሩዋሪ 2014 የኮፐንሃገን ማቆያ ማሪየስ የተባለውን ጤነኛ ወጣት ቀጭኔ ለእርባታ ፕሮግራሙ ዘሩ ስለተደጋገመ ብሎ ሲገድለውና ሕዝብ ፊት ሲበልተው ከዓለም ዙሪያ ቁጣ ወርዶበታል። እኔ ራሴ ውሳኔውን አልደግፈውም። አሠራሩን ግን አከብረዋለሁ፤ ማቆያው የሚያደርገውን በይፋ ተናግሯል፣ ምክንያቱን አስረድቷል፣ ለጥያቄ ቆሟል። በብዙ ሥፍራ ተመሳሳይ ውሳኔዎች በዝግ በር እንደሚወሰኑ ማንም ባለሙያ አይክድም። ተነግሮኝ ብቆጣ ሳይነገረኝ ከምታለል ይሻለኛል፤ እንደ እኔ የሚያስቡ ጎብኚዎችም ከምትገምቱት በላይ ናቸው።

ዝምታው መልካሙን ዜና ሳይቀር ሸፍኖታል። የዓረቢያ ሳላ በ1972 ከዱር ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ከ1963 ጀምሮ በአሜሪካ ፊኒክስ ማቆያ አነስተኛ መንጋ ተሰብስቦ ይራባ ስለነበር በ1982 ወደ ኦማን በረሃ መመለስ ተችሏል። ዛሬ በሕይወት ያሉት የአውሮፓ ጎሾች ሁሉም በምርኮ ከተረፉ 12 እንስሳት የተገኙ ናቸው። በእነዚያ ዓመታት በአጥር ፊት ቆሞ ሳላ ወይም ጎሽ ያየ ሰው ያየው የዝርያውን ጠቅላላ ተስፋ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን አንድ ቀንዳም እንስሳ አይተው አልፈዋል። የነዚያን ጎብኚዎች ፎቶግራፎች ብትጠይቁ ኖሮ አሁን በዱር የሚሮጡት መንጋዎች አያቶች ምስል በየቤቱ አልበም ውስጥ ይገኝ ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ አይደለም። እንስሳ ሲሞት ወይም ሲዛወር ሰሌዳው አይነሳ፤ በዚያው ሰሌዳ ላይ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የሞተበት ምክንያት ወይም የሄደበት ቦታ ተጽፎ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆይ። አንድ ዓመት የምለው በዓመት አንዴ የሚመጣ ቤተሰብም እንዲደርስበት ነው። የሞቱ ምክንያት የእናንተ ስህተት ከሆነም ይጻፍ። ማሳያ ሲፈርስ የቀድሞው ፎቶግራፍና የፈረሰበት ምክንያት አዲሱ ማሳያ አጠገብ ይቁም። ተንከባካቢዎች በሥራ ሰዓታቸው ውስጥ ከጎብኚ ጋር የሚነጋገሩበት ጊዜ ይመደብላቸው፤ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት አንድን ጎሪላ ያበላ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ እንዳይሄድ ድምፁ ይቀረጽ። በመግቢያው አካባቢ አንድ ክፍል፣ ካልሆነም አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው ተመድቦ የጎብኚዎችን ትዝታና አሮጌ ፎቶግራፎች ይቀበል፤ ፎቶግራፉ ተገልብጦ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ከጀርባው የተጻፈው ቀን ከእንስሳው ፋይል ጋር ይመሳከር። ቀን ያለበት ፎቶግራፍ ማስረጃ ነው፤ አጥሩ ምን ያህል ይጠብ እንደነበር፣ እንስሳው ከሲታ ይሁን የጠገበ፣ ብቻውን ይሁን ከጓደኛው ጋር ከማንኛውም ሪፖርት በተሻለ ያሳያል። ትዝታና መዝገብ ካልተስማሙ ሁለቱም ይቀመጡ፤ አለመስማማታቸው ይጻፍ።

ለእናንተም ለጎብኚ ወንድሞቼና እህቶቼ አንድ ቃል አለኝ። ትዝታችንን ስንሰጥ ያማረውን ብቻ አንምረጥ። ነብሩ እንዲነሳ ብለን መስታወቱን የደበደብንበትን፣ ዝንጀሮዎቹ እንዲጣሉ ብለን ምግብ የወረወርንበትን፣ ጉማሬው አፉን እንዲከፍት ድንጋይ ሲወረወርበት እያየን ዝም ያልንበትንም እንናገር። ዓመቱን በትክክል ካላስታወስን በግምት ነው እንበል፤ ከሰው የሰማነውን በዓይናችን እንዳየን አድርገን አንናገር። በሞባይላችን የምናነሳው ፎቶግራፍ ላይ የራሳችን ፊት ብቻ ሳይሆን አጥሩ፣ መሬቱና የመጠጫ ገንዳውም ይግባ።

አስተዳደሮች ሆይ፣ ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንጻ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ባለፉት አሥር ዓመታት ከማቆያችሁ የወጡትን የእያንዳንዱን እንስሳ ስም፣ የወጣበትን ቀንና የደረሰበትን ቦታ ከፋይላችሁ አውጥታችሁ መግቢያ በሩ ላይ ለጥፉ። ከዚያም ስለ እነርሱ የምናውቀውን ጠይቁን። እኔ ያሉኝን ፎቶግራፎች ቀንና ቦታ ጽፌባቸው ለማምጣት ዝግጁ ነኝ፤ መልሳችሁንም በይፋ እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዘወትር ጎብኚ